ተማሪ ነርሶችን መድኃኒት መስጠት ስናስተምር፦ የትኛው መንገድ ለምን ይሻላል?

ፕራክቲካል ነርሲንግ የሚማሩ ልጆች ከሚለማመዷቸው ሥራዎች ሁሉ መድኃኒት መስጠት ይለያል። በደንብ ያልተነጠፈ አልጋ እንደገና ይነጠፋል። የተሳሳተ የደም ግፊት ልኬት ይደገማል። ደም ሥር የገባ መድኃኒት ግን አይመለስም። እንዴት እንደምናስተምረው የምንመርጠው እኛ መምህራን ብንሆንም የምርጫችንን ውጤት የሚቀበለው ታካሚው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 መድኃኒት የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ የመድኃኒት ስህተት በዓመት ወደ 42 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣ ገምቶ ነበር። ያ ሁሉ ስህተት የነርስ አይደለም። ሐኪም ሲያዝም፣ ፋርማሲ ሲያድልም ይሳሳታሉ። ሆኖም መድኃኒቱ ታካሚው ጋ ከመድረሱ በፊት የመጨረሻዋ እጅ የነርሷ ናት። ከእሷ ካለፈ የሚይዘው የለም።

ለዚህ ነው እያንዳንዱን አማራጭ በአንድ ጥያቄ የምመዝነው። ይህ መንገድ ተማሪዋ የሆነ ነገር ሲጎረብጣት ቆም እንድትል ያስለምዳታል ወይስ ዝም ብላ እንድትቀጥል? ፍጥነት ቀስ እያለ ይመጣል። ቆም ማለትን ግን በተማሪነቷ ካልለመደችው፣ ሥራ ላይ በጥድፊያ መሃል ትለምደዋለች ብዬ አላምንም።

አምስቱን ትክክሎች ወይስ አሥሩን?

ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መስጫ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት። እነዚህን የማያውቅ ተማሪ የለም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሰባት ያደርጓቸዋል፣ አንዳንዶቹ አሥር። ምዝገባ፣ ምክንያት፣ የታካሚው ምላሽ፣ ታካሚውን ማስተማር፣ እምቢ የማለት መብት ይጨመራሉ። ሁሉም ይጠቅማሉ። ግን ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ተማሪው ይሸመድደዋል እንጂ አይሠራበትም።

የእኔ ምርጫ አምስቱ ሲደመር ሁለት ነው፤ ምክንያትና ምዝገባ። ምክንያት የምለው አምስቱ የማይይዙትን ስህተት ስለሚይዝ ነው። የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ቻርት ላይ የስኳር መድኃኒቱ ግሊቤንክላማይድ ተጽፎ ቢገኝ፣ ቻርቱን ብቻ የምትከተል ተማሪ አምስቱንም ታሟላለች። ታካሚው የተጻፈው ሰው ነው፣ መድኃኒቱ የተጻፈው ነው፣ መጠኑም ልክ ነው። "ለምን?" ብላ የጠየቀች ብቻ ናት የምትቆመው።

ሌላው ትልቅ ነገር፣ አምስቱ ትክክሎች ግብ ናቸው፤ እንዴት እንደሚደረስባቸው ግን አይናገሩም። "ትክክለኛ ታካሚ" ብሎ መጥራትና ታካሚውን ማጣራት ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድርጊት ስጡት። ታካሚውን "አቶ እገሌ ነዎት?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ጆሮው የደከመ ወይም ግራ የተጋባ ሰው "አዎ" ይላል። "ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፣ የትውልድ ቀንዎንስ?" ብሎ መጠየቅና ከእጅ መታወቂያውና ከቻርቱ ጋር ማመሳከር ነው ሥራው። የአልጋ ቁጥር መለያ አይደለም፤ ታካሚ አልጋ ይቀይራል። ሌብሉም ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ ከመደርደሪያው ሲነሳ፣ ሲዘጋጅ፣ ታካሚው አጠገብ ከመሰጠቱ በፊት። ተማሪዎቹ ሦስቱንም ጊዜ ድምፃቸውን አውጥተው እንዲያነቡ አድርጉ። መጀመሪያ ያፍራሉ፣ በኋላ ይለምዱታል።

የዶዝ ስሌት፦ ከሦስቱ መንገዶች የቱ?

እዚህ ላይ መምህራን ብዙ እንከራከራለን፣ ክርክሩም ይገባል። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ነው። ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ታዞለታል። ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። ስንት ሚሊ ሊትር ይሰጠው?

የመጀመሪያው መንገድ ቀመሩ ነው። የታዘዘውን በእጅ ላለው አካፍል፣ በፈሳሹ መጠን አባዛ። 12 ሲባዛ በ15፣ 180 ሚሊ ግራም። 180 ሲካፈል ለ120፣ ሲባዛ በ5፣ 7.5 ሚሊ ሊትር። አጭር ነው፣ ቶሎ ይያዛል። ለዚህም ነው ተማሪዎች የሚወዱት። ችግሩ የሚመጣው ትዕዛዙና ሌብሉ የተለያየ መለኪያ ሲጠቀሙ ነው። ትዕዛዙ የልብ መድኃኒቱን ዲጎክሲን 125 ማይክሮ ግራም ይላል፣ ክኒኑ 0.25 ሚሊ ግራም። ተማሪው ሳይቀይር ቀመሩ ውስጥ ከከተተው 500 ክኒን ይወጣል። 500 ክኒን ማንንም ያስደነግጣል፣ ስለዚህ ይያዛል። የሚያስፈራኝ የማያስደነግጠው ስህተት ነው። በሕፃናት ክፍል 0.75 እና 7.5 ሚሊ ሊትር ሁለቱም ሲሪንጅ ውስጥ የሚገቡ፣ ሁለቱም ልክ የሚመስሉ ናቸው።

ሁለተኛው ንጽጽራዊው ነው። "120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ካለ፣ 180 ሚሊ ግራም በስንት ሚሊ ሊትር ይኖራል?" ሐሳቡ ግልጽ ነው፣ ከሌላ ትምህርት ያመጡት ልጆችም አሉ። ግን ደረጃው ሲበዛ ይረዝማል፤ ቁጥሮቹ ቦታ ሲለዋወጡም ምንም የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም።

ሦስተኛው መለኪያዎችን እያጣፉ መሄድ ነው። ሁሉንም በአንድ መስመር ትጽፋላችሁ። 5 ሚሊ ሊትር ለ120 ሚሊ ግራም፣ ሲባዛ 15 ሚሊ ግራም ለ1 ኪሎ፣ ሲባዛ 12 ኪሎ። ሚሊ ግራም ከላይና ከታች ይጣፋል፣ ኪሎም ይጣፋል፣ የሚቀረው ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። 7.5። ተማሪው አንዱን ክፍልፋይ ቢገለብጠው መለኪያዎቹ አይጣፉም፣ መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌለው ነገር ይቀራል። ይሄ ነው የምወደው፤ መንገዱ ራሱ "ቁም፣ የሆነ ነገር ልክ አይደለም" ይላል። ቀመሩ እንዲህ አይልም።

አስቸጋሪነቱ ጅማሬው ላይ ነው። ሒሳብ የሚፈሩ ልጆች ረጅሙን መስመር ሲያዩ ይደነግጣሉ። ታገሷቸው። በክኒን ጀምሩ፣ ወደ ሽሮፕ ሂዱ፣ ከዚያ በኪሎ የሚሰላውን፣ በመጨረሻ የጠብታውን አስከትሉ። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ይግባ ቢባልና የፈሳሹ ቱቦ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ቢሆን፣ 1000 ሲባዛ በ20 ሲካፈል ለ480 ደቂቃ ብሎ ወደ 42 ጠብታ በደቂቃ ለመድረስ ሌላ አዲስ ቀመር መሸምደድ አያስፈልግም። ያው መንገድ ነው። ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይሄ ነው፤ አንድ መንገድ ከክኒን እስከ ጠብታ ድረስ ይዟቸው ይሄዳል።

የቱንም ብትመርጡ ግን በትምህርት ቤታችሁ ያሉ መምህራን ሁሉ አንዱን ይያዙ። በመጀመሪያው ክፍል ቀመር፣ በሁለተኛው ሌላ ሲባል ተማሪው ሁለቱንም በግማሽ ይዞ ይወጣል። ንጽጽሩን በደንብ የለመደና የማይሳሳት ልጅ ካለ በግድ አታስቀይሩት።

ከሦስቱም በላይ ግን ግምት አለ። ካልኩሌተር ከመንካት በፊት ተማሪው "ወደ ስንት ይመጣል?" ብሎ ይመልስ። 120 በ5 ሚሊ ሊትር ካለ፣ 180 የዚያ አንድ ተኩል ነው፣ ስለዚህ ከ5 ይበልጣል ከ10 ያንሳል። ካልኩሌተሩ 75 ቢል ወይም 0.75 ቢል እዚያው ይቆማል። ካልኩሌተር ይከልከል የሚሉ መምህራን አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሥራ ላይ ካልኩሌተር ይኖራቸዋል። ግምቱን ብቻ ያለ ካልኩሌተር ይሥሩት።

አጻጻፍም የስሌት አካል ነው። 0.5 እንጂ .5 አይጻፍም፤ ነጥቧ ካልታየች 5 ሆኖ ይነበባል። 5 እንጂ 5.0 አይጻፍም፤ 50 ይመስላል። ኢንሱሊን ላይ "ዩኒት" የሚለው ቃል ሙሉውን ይጻፍ፤ ምህጻሩ (U) ዜሮ መስሎ ዶዙን በአሥር እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል። ፈተና ስታርሙ እነዚህን እንደ ጥቃቅን የአጻጻፍ ጉድለት አትለፏቸው። መልሱ ልክ ቢሆንም አጻጻፉ ከተሳሳተ መልሱ ተሳስቷል።

ፈተናው በወረቀት ወይስ በዕቃ? 80% ወይስ 100%?

በወረቀት ፈተና ላይ "120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር" ብለን ስንጽፍ የሥራውን ግማሽ እኛ ሠርተንላቸዋል። እውነተኛ ሌብል ላይ ያንን ቁጥር ፈልጎ ማግኘት ነው ከባዱ። ቫያሉ (የመርፌ መድኃኒት ጠርሙሱ) ላይ በጠቅላላው ስንት እንዳለና በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት እንዳለ ሁለቱም ይጻፋሉ፤ ተማሪው አንዱን ከሌላው ያምታታል። ስለዚህ ባዶ ካርቶኖችንና ጠርሙሶችን ሰብስቡ። ትዕዛዝ ስጧቸው፣ ሌብሉን ያንብቡ፣ ያስሉ፣ ከዚያ በሲሪንጅ ውሃ ቀድተው ያሳዩ። በወረቀት 7.5 ብሎ የጻፈ ልጅ በሲሪንጅ 7.2 ቀድቶ ስታዩት ያኔ ምን ማስተማር እንዳለባችሁ ይገባችኋል።

ሲሪንጅ ምርጫም እዚያው ይፈተን። ኢንሱሊን በኢንሱሊን ሲሪንጅ ብቻ። የተለመደው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው፤ በተራ ሲሪንጅ ሲቀዳ ትንሽ የእጅ ስህተት ትልቅ ዶዝ ነው። በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ በአፍ መስጫ ሲሪንጅ ይለካ። ጫፉ ከደም ሥር መስመር ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ በተሳሳተ መንገድ እንዳይሰጥ ዕቃው ራሱ ይከላከላል።

ማለፊያ ነጥቡን በተመለከተ፣ በ80% ማሳለፍ ማለት ከአምስት ዶዝ አንዱን የሚሳሳት ተማሪ ወርድ (ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። 100% መሆን አለበት እላለሁ። ነገር ግን 100% ከአንድ ዕድል ጋር ሲሆን ጭካኔ ነው፤ ፍርሃትን ይፈትናል እንጂ ችሎታን አይፈትንም። ብዙ አጫጭር ፈተናዎች ይሰጡ፣ ደጋግመው ይውሰዱ። በየመሃሉ ደግሞ ስህተቱን ለዩት። ልጁ የተሳሳተው ችግሩን ሲያዋቅር ነው? መለኪያ ሲቀይር ነው? ወይስ ሒሳቡ ላይ? ሦስቱም የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ። "ተጨማሪ ጥያቄ ሥራ" ብሎ መላክ የሚጠቅመው ለሦስተኛው ብቻ ነው።

የመድኃኒት ካርድ ማስገልበጥ

ባጭሩ ልለፈው። ሃምሳ ካርድ ከመጽሐፍ ማስገልበጥ መገልበጥን ያስተምራል። በምድብ ማስተማር ይሻላል። ስማቸው በ"ፕሪል" የሚያልቁትን፣ በ"ኦሎል" የሚያልቁትን፣ በ"ሳርታን" የሚያልቁትን አንድ ላይ ያጠናች ተማሪ አዲስ ስም ስታይ ዘመዱን ታውቀዋለች። ካርድ ካስፈለገ አጭር ይሁን፣ በራሷ ቃል ይጻፍ፦ ለምን ይሰጣል፣ ከመስጠቴ በፊት ምን አያለሁ፣ መቼ አልሰጥም፣ ከሰጠሁ በኋላ ምን እጠብቃለሁ። መጨፍለቅ የሌለባቸውን ክኒኖች በዚያው ያካትቱ። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ከተፈጨ የሙሉ ቀኑ ዶዝ በአንዴ ይለቀቃል።

ስኪል ላብ፣ ሲሙሌሽን ወይስ ወርድ?

"ሁሉም ያስፈልጋሉ" የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም አይረዳም፤ ጊዜያችን ውስን ነውና። ስለዚህ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደማያስተምር እንይ።

ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) በቼክሊስት ለእጅ ነው። አምፑል (የታሸገ የመድኃኒት ብልቃጥ) መስበር፣ ከቫያል መቅዳት፣ አየር ማስወጣት፣ ጡንቻ ላይ በ90 ዲግሪ፣ ከቆዳ ሥር በ45 ወይም በ90፣ ቆዳ ውስጥ ከ5 እስከ 15። እጅ ካልለመደ አእምሮ ስለ ሌላው ማሰብ አይችልም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ይሄ ይምጣ። ጉድለቱ ምንድነው? ቼክሊስት ላይ ምንም ነገር አይበላሽም። ታካሚው ሁልጊዜ ትክክለኛው ነው፣ መድኃኒቱ ሁልጊዜ አለ፣ ማንም አያቋርጥም። ተማሪዋ መቀጠልን በደንብ ትማራለች፣ መቆምን አትማርም።

ሲሙሌሽን (የወርዱን ሁኔታ አስመስሎ በትዕይንት መለማመድ) ላይ ግን መቆምን ማስተማር ይቻላል፣ ለዚህም ነው ጊዜ ካላችሁ እዚህ ላይ አውሉት የምለው። በአሜሪካ የነርስ ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ትልቅ ጥናት፣ በደንብ የተዘጋጀ ሲሙሌሽን የክሊኒክ ልምምድ ሰዓትን እስከ ግማሽ ድረስ ቢተካ የተማሪዎቹ ውጤት እንደማይቀንስ አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው በፕሮፌሽናል ነርስ ተማሪዎች ላይ ነው፣ ሁኔታም አለው፦ የሰለጠነ አስተማሪና ከትዕይንቱ በኋላ የሚደረግ ውይይት። ውድ ማኒኪን (የመለማመጃ አሻንጉሊት ሰው) ስለገዛችሁ ብቻ አይሆንም። አልጋ ላይ የተኛ የክፍል ጓደኛ፣ የወረቀት የእጅ መታወቂያ፣ ቻርትና የውሃ ቫያል ካላችሁ ጥሩ ሲሙሌሽን አላችሁ።

ምን እናስገባበት? ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ታካሚዎች። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈበትና የዚያው ቤተሰብ የሆነው አሞክሲሲሊን የታዘዘለት ሰው። ግሉኮሱ ዝቅ ብሎ እያለ ኢንሱሊኑ የደረሰ። አንዳንድ መምህራን በየትዕይንቱ አንድ ወጥመድ ያስገባሉ። አልመክርም። ሁልጊዜ ወጥመድ ካለ ተማሪዎቹ ወጥመዱን ማደን ይጀምራሉ፣ ካገኙት በኋላ ይዝናናሉ። በአንዳንዱ ይኑር፣ በአንዳንዱ አይኑር። ምንም ባይኖርም የሚያጣራውን ተማሪ ነው የምንፈልገው። ውይይቱ ደግሞ ከትዕይንቱ ይርዘም። ትዕይንቱ 15 ደቂቃ ከፈጀ ግማሽ ሰዓት ተወያዩ። "ለምን ረሳህ?" ከማለት "እዚህ ጋ ስትደርስ ምን እያሰብክ ነበር?" በሉት። የተማሪው ሐሳብ የት እንደነበረ ካልሰማችሁ የምታርሙት የውጩን ብቻ ነው።

መቋረጥን ለብቻው አስተምሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሲድኒ ጥናት 98 ነርሶችን በሁለት ሆስፒታሎች መድኃኒት ሲሰጡ ተከታትሎ፣ እያንዳንዱ መቋረጥ የአሠራር ጉድለትንም የመድኃኒት ስህተትንም በ12% ገደማ ከመጨመር ጋር እንደሚያያዝ አግኝቷል። ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች ሲሰጡ ይታያል። አንደኛው ማቋረጥን መከልከል ነው፤ "አታቋርጡኝ" የሚል ሰደሪያ መልበስ፣ መሬት ላይ መስመር ማስመር። ሁለተኛው ከተቋረጥክ እንዴት ትመለሳለህ የሚለውን ማለማመድ ነው። ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ትንፋሽ ያጠረው ታካሚ ሰደሪያ አይቶ አይጠብቅም። ተማሪዋ ለማይቸኩለው ጥያቄ "መድኃኒት እያዘጋጀሁ ነው፣ እንደጨረስኩ እመጣለሁ" ማለትን በአፏ ትለማመድ፤ ለሚቸኩለው ከሄደች ደግሞ ስትመለስ ካቆመችበት አትቀጥል፣ ከመጀመሪያው ሌብል ንባብ ትጀምር። ይሄ ቀላል ይመስላል። ሲሙሌሽን ላይ ስልክ አስደውሉባቸውና እዩ።

ወርድ ደግሞ እውነተኛው ሰው ያለበት ነው፣ የሚተካው የለም። ጥያቄው እንዴት እናሰማራቸው የሚለው ነው። ስምንት ተማሪ ይዞ የገባ መምህር ስምንቱም በጠዋቱ ሰዓት መድኃኒት እንዲሰጡ ካደረገ፣ አንዱ ጋ ቆሞ ሰባቱ ይጠብቁታል፣ ሰዓቱ ያልፋል፣ ያኔ እሱ ራሱ መቸኮል ይጀምራል፣ ተማሪዎቹም መቸኮልን ከእሱ ይማራሉ። በቀን ሁለት ተማሪ ብቻ መድኃኒት ይስጡ፣ ሌሎቹ በሌላ እንክብካቤ ይሰማሩ፣ በየቀኑ ይቀያየሩ። እያንዳንዱ ተማሪ የሚሰጠው የመድኃኒት ቁጥር ያንሳል፣ እውነት ነው። የሚሰጠውን ግን በእርጋታ ይሰጣል።

ከመስጠቱ በፊት መምህሩ የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙ ይወስናል። "የጎንዮሽ ጉዳቱን ቁጠር" ከማለት "አሁን ከመስጠትሽ በፊት ምን ታያለሽ?" ማለት ይሻላል። ለዲጎክሲን የልብ ምት ደረት ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፤ አዋቂ ላይ ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ይቆይና ሪፖርት ይደረግ። ለሞርፊን አተነፋፈስ። ለግፊት መድኃኒት ግፊት። ለኢንሱሊን የስኳር መጠኑ ብቻ ሳይሆን ምግቡ መቅረቡም።

የትምህርት ቤቱ መምህር ይምራቸው ወይስ የወርዱ ነርስ? የወርዱ ነርስ ታካሚዎቹን ታውቃለች፣ ቦታውንም ታውቃለች፣ ከእሷ የሚገኘው ብዙ ነው። ነገር ግን ተማሪዎች አቋራጮችንም ከወርድ ይለምዳሉ፤ የብዙ ሰው መድኃኒት በአንዴ በየኩባያው ቀድቶ ማስቀመጥ፣ ሳይሰጡ ቀድሞ መፈረም። ስለዚህ መጀመሪያዎቹን ሳምንታት መምህሩ ይያዛቸው። ወደ ነርሷ ሲሸጋገሩም ምን እንደሚሉ አስታጥቋቸው። "እህቴ፣ እኔ ገና ተማሪ ስለሆንኩ ያላዘጋጀሁትን መስጠት አልችልም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስቀይምም። የትኛውን መድኃኒት፣ በየትኛው መንገድ መስጠት እንደሚፈቀድላቸውም ፈቃድ ሰጪው አካል ይወስናል። ፕራክቲካል ነርስ በደም ሥር የምትሰጠው በብዙ ቦታ የተገደበ ነው፤ ተማሪዋ ድንበሯን በጽሑፍ ይዛ ትግባ።

አብሮ ማየት ወይስ ለየብቻ ማየት?

ሁለት ሰው ያየው መድኃኒት ይሻላል እንላለን። እንዴት ሲያዩት? "7.5 ነው አይደል?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው "አዎ" ይላል። ሁለተኛዋ ነርስ የመጀመሪያዋን መልስ ሳትሰማ ራሷ ቻርቱን አንብባ፣ ራሷ አስልታ ስትጨርስ ነው ቁጥሮቹ የሚገናኙት። ተማሪዎችን ሁልጊዜ እንዲህ አለማምዷቸው። ለሁሉም መድኃኒት ይደረግ የሚሉ አሉ፤ ሲበዛ ግን ፊርማ ብቻ ይሆናል። ለኢንሱሊን፣ ደም እንዳይረጋ ለሚሰጠው ሄፓሪን፣ ለሞርፊንና ለዘመዶቹ፣ በደም ሥር ለሚሰጥ ፖታሲየም ብቻ ይሁን። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ ደግሞ በቀጥታ ደም ሥር እንደማይሰጥ በመጀመሪያው ቀን ይንገራቸው፤ ልብ ያቆማል።

መጀመሪያ ወረቀት ወይስ መጀመሪያ ስካነር?

የመድኃኒቱንና የታካሚውን የእጅ መታወቂያ ባርኮድ በስካነር ማንበብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከቦስተን የወጣ ጥናት ከሰዓት ጋር ያልተያያዙ የአሰጣጥ ስህተቶች ከ11.5% ወደ 6.8% እንደወረዱ አሳይቷል። ወረዱ እንጂ አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ነርሶች ስካነሩን የሚያልፉባቸውን 15 ዓይነት መንገዶች መዝግቧል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ለእኔ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ በወረቀት ቻርትና በዓይን፣ ከዚያ በስካነር። ስካነር መጀመሪያ የለመደች ተማሪ የማሽኑን ድምፅ ትጠብቃለች።

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የሆነውን ሁሉም ተማሪ ሊሰማው ይገባል። ነርሷ ቨርሴድ የተባለ ማረጋጊያ ፈልጋ መድኃኒት መያዣው ማሽን ላይ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ጻፈች። ማሽኑ መድኃኒቱን የያዘው ሚዳዞላም በሚለው ስሙ ነበር። የማሽኑን ገደብ አልፋ ስትፈልግ በዚያው ፊደላት የሚጀምረው ቬኩሮኒየም ወጣ፤ ጡንቻን የሚያሽመደምድ፣ ትንፋሽ የሚያቆም መድኃኒት ነው። ታካሚዋ ሞተች። ነርሷ እ.ኤ.አ. በ2022 በወንጀል ጥፋተኛ ተባለች። ተማሪዎች ጋ ስታነሱት እዚህ ላይ ቆዩ፦ ቨርሴድ ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል፤ በእጇ የነበረው ግን ዱቄት ነበር፣ መበጥበጥ ነበረበት። ክዳኑም ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ተማሪዎቻችሁ ከሚጠብቁት የተለየ እርምጃ ሲገጥማቸው፣ አንድ ዶዝ ለመሙላት ከሁለት ቫያል በላይ ሲያስፈልጋቸው፣ ታካሚው "ይሄ ክኒን የተለመደው አይደለም" ሲላቸው፣ እነዚህ ሁሉ የመቆሚያ ምልክት እንደሆኑ በስም ጠርታችሁ አስተምሩ።

ተማሪ ሲሳሳት

ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት አለ። አንዱ ማንኛውም ስህተት ያስባርራል ይላል። ሌላው ይወያያል። የመጀመሪያው ጥብቅ ይመስላል፣ ግን የሚያገኘው ዝምታ ነው። ዶዝ ያመለጣት ተማሪ ከተናገረች እንደምትባረር ካወቀች፣ ታካሚው ክትትል የሚያስፈልገው ሰዓት ላይ ዝም ትላለች። እኔ ያለጥርጥር ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ልዩነት ግን ይደረግ። ሳታስበው ያመለጣት አለች፣ ሁሉም ሲያደርግ አይታ አቋራጭ የገባች አለች፣ አደጋውን እያወቀች ችላ ያለች አለች። ለመጀመሪያዋ ድጋፍ፣ ለሁለተኛዋ ግልጽ ንግግር፣ ለሦስተኛዋ ቅጣት። ስህተትን መደበቅ ሁልጊዜ ከሦስተኛው ይመደባል፣ ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን ይወቁት።

ሳይሰጥ የተያዘ ስህተት ላይ ደግሞ ተማሪዋን በክፍሉ ፊት አመስግኗት። "ቆመሽ ጠየቅሽ፣ ልክ ነሽ" የሚለው ለሌሎቹም ይደርሳል።

ልምምዱ በምን ዕቃ?

የሥልጠና ዕቃ መግዛት ወይስ ከተጠቀሙበት መሰብሰብ? አቅም ካለ ለሥልጠና ተብሎ የተሠራው ሌብሉ እውነተኛ ስለሚመስል ጥሩ ነው። ከሌለ የታጠበ ጠርሙስ፣ የተነበበ ካርቶን፣ ውሃና ቀለም ይበቃል። በሁለቱም ግን አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በአሜሪካ ለልምምድ ብቻ የተዘጋጀ፣ ከጀርም ያልጸዳ የጨው ፈሳሽ በስህተት ወደ ሕክምና ቦታዎች ገብቶ ከ40 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች በደም ሥራቸው ተሰጥቷል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የያዛቸው ነበሩ። ስለዚህ የልምምድ ዕቃ ሁሉ ላይ "ለልምምድ ብቻ፣ ለሰው አይሰጥም" የሚል በትልቁ ይለጠፍ፤ የራሱ ቁም ሳጥን ይኑረው፣ ይቆለፍ፣ ወደ ወርድ በሚሄድ ቦርሳ ውስጥ አይግባ። ተማሪዎቹ ከላብ ሲወጡ የጋወን ኪሳቸውን ይፈትሹ፤ የተቀዳ ሲሪንጅ ረስተው ይዘው የሚወጡበት ቀን አለ።